ኮምጣጣው ቢራ፦ አልኮሉ የት ሄደ?



ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ረዘም ያለ ጣሳ ነው። ላዩ ላይ ደማቅ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ማንጎና ፓሽን ፍሩት ተስሎበታል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አጎቴ፣ ትናንት የሥራ ጓደኛዬ ቤት ጁስ መስሎኝ ጠጣሁት። ቢራ መሆኑን ያወቅኩት ከጨረስኩት በኋላ ነው። ምን ላድርግ?»

ሳያውቅ ያደረገውን አላህ እንደሚምር፣ ኢስቲግፋር እንዲያደርግ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከመጠጣቱ በፊት ጣሳውን እንዲያነብ ነግሬው ነገሩ በዚያው አለፈ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሁለተኛ መልእክት መጣ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። «አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ነገር እኮ እንደ ቢራ አይመርም፤ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ ኸምር አቼቶ ሆኗል፣ አቼቶ ደግሞ ሐላል ነው አይደል? እንጀራም እኮ ቦክቶ ነው የሚበላው።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንዴ የጠጣ ሰው «ምን ላድርግ?» ይላል። ሁለቴ የጠጣ ሰው ደሊል ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ የጻፍኩለት መልስ ሦስት ቃል ነበር፦ «ሐራም ነው፣ በቃ!» ሳልልከው አጠፋሁት። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሁለት ነገሮች ነው፤ ስለ መኮምጠጥና ስለ አቼቶ። እኔ ደግሞ ስለ ሁለቱም የማውቀው ነገር አልነበረም። ዳዒዎቻችን፣ ታላላቆቻችን፣ እኔም ጭምር የምንሠራት ስህተት ይህች ናት። ወጣቱ ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ እኛ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። እሱም «እነዚህ ሰዎች የሚያወግዙትን ነገር አያውቁትም» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ነገሩን አነበብኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በእንግሊዝኛ «ሳወር» የሚሉት ይህ ኮምጣጣ ቢራ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አገሩ ቤልጂየም ነው፤ ብራስልስና ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው ገጠር። የብቅሉና የስንዴው ውሃ ከተፈላ በኋላ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ላይ ተዘርግቶ፣ በክረምት ቅዝቃዜ፣ መስኮት ተከፍቶ ያድራል። አየር ላይ ያለው የዱር እርሾና ባክቴሪያ ይገባበታል። ከዚያ በእንጨት በርሜል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። «ላምቢክ» ይሉታል። ቼሪ ሲነከርበት ደግሞ «ክሪክ» ይሆናል። ብራስልስ ውስጥ አንደርሌክት በሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተ ካንቲዮን የተባለ ጠማቂ ቤት ይህንኑ ይሠራል። ሰፈሩ ዛሬ ብዙ የሞሮኮ ተወላጅ ሙስሊሞች ይኖሩበታል። ጀርመኖችም የራሳቸው አላቸው። የበርሊኑ በጣም ስለሚኮመጥጥ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሽሮፕ እየጨመሩ ይጠጡታል። የላይፕዚጉ «ጎዘ» ጨውና ድንብላል ይገባበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጠፍቶ በ1980ዎቹ እንደገና ተነሣ።

የእጅ ሙያ መሆኑን አልክድም። ሦስት ዓመት በርሜል የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥት አለው። ሙያ ግን የአንድን ነገር ሑክም አይለውጥም። የአዘርንም (የኢብራሂም (ዐ.ሰ) አባት) ቤት ብንገባ ጥሩ የጣዖት ጠራቢ እናገኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ጣሳ ግን ከብራስልስ በርሜል የወጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ ጠማቂዎች፣ በተለይ ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ፣ የሦስት ዓመቱን ሥራ ወደ ቀናት አሳጠሩት። ዘዴው ይህ ነው። የብቅሉ ውሃ ይፈላል፤ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ላክቶባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ይጨመርበታል። እርጎን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ዘመድ ነው። አንድ ሁለት ቀን በሙቀት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያው የብቅሉን ስኳር እየበላ አሲድ ያመርታል፤ ውሃው ይኮመጥጣል። ሲበቃ እንደገና ይፈላና ባክቴሪያው ይሞታል። *ከዚያ በኋላ* እርሾ ይጨመራል። እርሾው የቀረውን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። መጨረሻ ላይ የማንጎ፣ የእንጆሪ፣ የፓሽን ፍሩት ጭማቂ ይገባበታል።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉት፤ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያልቃል። ኮምጣጣነቱ የመጣው አልኮሉ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ኸምር ኮምጥጦ አቼቶ አልሆነም፤ የኮመጠጠ ውሃ ተወስዶ ኸምር ተደረገ።

አቼቶ ሌላ ነው። አቼቶን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ምግባቸው ራሱ አልኮሉ ነው። አየር እያገኙ አልኮሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ሥራቸውን ሲጨርሱ የሚያሰክረው ነገር የለም፤ ተበልቷል። ኸምር በራሱ ጊዜ አቼቶ ከሆነ ንጹሕ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቼቶን በዳቦ በልተው ማባያነቱን አወድሰዋል። ያም ሆኖ አቡ ጦልሐ (ረ.ዐ) በእጁ ስላለ የየቲሞች ኸምር ጠይቆ «አቼቶ ላድርገው?» ሲላቸው እንኳን አልፈቀዱለትም። ገንዘቡ የየቲም ነበር። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ጣሳ አቼቶ ነው ለማለት አንድ ጥያቄ ይመለስልኝ፦ አልኮሉ የት ሄደ? ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ጥጉ ላይ በትንንሽ ቁጥር 6 በመቶ ይላል። የትም አልሄደም። እዚያው ነው። እኛ አገር በየግሮሰሪው ከሚሸጠው መራራ ቢራ የሚያንስ አይደለም።

እንጀራውስ? ሊጡ ይቦካል፣ እርሾ አለበት፣ እውነት ነው። ጥቂት አልኮልም ይፈጠራል፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ አብዛኛው ይተናል። ከዚህ በላይ ግን ሸሪዓው የሚጠይቀው ጥያቄ «ቦክቷል ወይ?» አይደለም። «ብዙው ያሰክራል ወይ?» ነው። ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም እንደሆነ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲሥ ያስተምረናል። መሶብ ሙሉ እንጀራ የበላ ሰው ይጠግባል እንጂ አይሰክርም። የበሰለ ሙዝም፣ እርጎም፣ ዳቦም እንደዚያው ነው። ከዚህ ጣሳ አምስቱን የጠጣ ሰው ግን መኪናውን እንዳትሰጡት።

አሁን ወደ ጣዕሙ ልመለስ። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ቢራን መራራ የሚያደርገው ሆፕስ የሚባል ተክል ነው፤ ለእነሱ እንደ ጌሾ በሉት። ሆፕስ ደግሞ ላክቶባሲለስን የሚያዳክም ባሕርይ አለው። ስለዚህ ኮምጣጣ ቢራ የሚሠራ ሰው ሆፕሱን በጣም ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይተወዋል። ውጤቱ ምሬት የሌለው ቢራ ነው። ይህ ለጠማቂው የሙያ ጉዳይ ነው። ለእኛ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ብዙ ሰው ቢራን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀምስ ፊቱን ያጨማድዳል። አላህ በምላሳችን ላይ ያስቀመጠው ምሬትን የመሸሽ ባሕርይ አንዲት ትንሽ ዘበኛ ናት። ኢማኑ የላላበትን፣ ጓደኛ የገፋፋውን ወጣት ቢያንስ አንድ ጊዜ «ተመለስ» ትለዋለች። ኮምጣጣው ቢራ ይህችን ዘበኛ በማንጎ ሸንግሎ ያልፋል። ደግሞ የማንን ምላስ ነው የሚሸነግለው? በእንጀራና በሎሚ ያደገውን! ለመራራ ቢራ ጣዕሙን ለወራት ማስለመድ ይኖርበት ነበር። ለዚህኛው እናቱ ቤት ለምዶ መጥቷል።

«ፍራፍሬ እኮ ነው» የሚሉ ደግሞ አሉ። እነዚህ ወንድሞች የመዲናን ታሪክ እንደገና ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ኸምር ሐራም መሆኑ በታወጀበት ቀን አነስ (ረ.ዐ) በአቡ ጦልሐ ቤት ለእንግዶች እየቀዳ ነበር። የሚቀዳው ምን ነበር? የወይን ጠጅ እንዳይመስላችሁ። «ፈዲኽ» ይባላል፤ ከእሸትና ከበሰለ ተምር የሚሠራ የፍራፍሬ መጠጥ ነው። በመዲና በዚያን ጊዜ ዋናው ኸምር ከተምር የሚሠራው እንደነበር አነስ ራሱ ተናግሯል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አዋጁ ሲሰማ «ውጣና ድፋው» አሉት፤ ደፋው። በመዲና መንገዶች ላይ የፈሰሰው የፍራፍሬ መጠጥ ነው! ከሰሐቦቹ አንዱ እንኳን «ቆይ፣ ይህ ተምር እኮ ነው» ብሎ ጽዋውን አላስቀረም።

ስለ ገብሱም ተጠይቆ ያደረ ነገር ነው። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ወደ የመን ሲላኩ የአገሩን ሁለት መጠጦች አንሥተው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ ከማር የሚሠራውን «ቢትዕ» እና ከገብስ የሚሠራውን «ሚዝር»። የእኛን ጠጅና ጠላ በሉት። መልሱ ስለ ማሩም ስለ ገብሱም ሳይለይ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም ነው የሚል ነበር። ዑመርም (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ሆነው ኸምር ከወይን፣ ከተምር፣ ከማር፣ ከስንዴና ከገብስ እንደሚሠራ ዘርዝረው፣ ኸምር ማለት አእምሮን የሚሸፍን ነው ብለዋል።

እኛ ሐበሾች ደግሞ በዚህ ጉዳይ በኪታብ ስማችን ተጽፎ ይገኛል። በሱነን አቡ ዳዉድ ውስጥ ከተከለከሉት ነገሮች «ጉበይራእ» የሚባል መጠጥ ተጠቅሷል። አቡ ዑበይድ ሲያብራሩት ሐበሾች ከማሽላ የሚሠሩት መጠጥ ነው ብለዋል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ዑለማዎች የእኛን ማሽላ ጠላ አውቀውት ነበር። እኛ የቨርጂኒያን ጣሳ ለማወቅ ሰነፍን።

አንዳንድ አንባቢ «በሐነፊይ መዝሀብ ከወይንና ከተምር ውጭ ያለው ይለያል ሲባል ሰምቻለሁ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ሰምተሃል፣ እውነት ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) በወይን ኸምርና በሌሎች መጠጦች መካከል በሑክም ደረጃ ልዩነት አድርገዋል። ነገር ግን እስኪያሰክር መጠጣትን እሳቸውም አልፈቀዱም። ተማሪያቸው ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ጥቂቱንም ብዙውንም ከለከሉ፤ በመዝሀቡ የኋለኞቹ ዑለማዎች ፈትዋ የሰጡትም በእሳቸው ቃል ነው። ወሎ ላይ ለዘመናት ሐነፊይ ፊቅህ ሲያቀሩ የኖሩ ሸኾች ይህን ልዩነት ከእኔና ከአንተ የበለጠ ያውቁት ነበር። ጠላ ቤት ግን አልከፈቱበትም።

«እዚህ አገር ኮምጣጣ ቢራ የት አለና ነው የምታስጨንቀን?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ልክ ነህ፤ በየሱቁ የሚገኝ ነገር አይደለም። ግን ከሱቁ በፊት ስልክህ ላይ ደርሷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ይከለክላል። መልካም ሥራ ነው። ስልክ ግን ቴሌቪዥን አይደለም። ቀለሙ እንደ አበባ የደመቀ ብርጭቆ ይዞ «ይሄ ቢራ አይመስልም፣ ጁስ ነው!» እያለ የሚስቅ ሰው ቪዲዮ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅም ይደርሰዋል። «ቢራ አይመስልም» የሚለው ቃል ራሱ ማስታወቂያው ነው። ኡመቴ ኸምርን ስሙን ቀይራ ትጠጣለች የሚል ትርጉም ያለው ማስጠንቀቂያ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደርሶናል። ሌላው ሕዝብ ቢራውን ቢራ ብሎ ይጠጣል። ስም መቀየር የሚያስፈልገው ለእኛ ነው፤ ምክንያቱም በትክክለኛ ስሙ ከጠራነው ልናስቀምጠው ነው።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ለሆድ ይጠቅማል» የሚለውም አለ። በዚያ በሁለተኛው መፍላት ባክቴሪያው ሞቷል ብያችኋለሁ። ሆዱን ሊጠቅም የፈለገ እርጎ ይጠጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል፤ አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመደበ ደግሞ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል።

ይህን ሁሉ ብዬ የራሳችንን ጓዳ ካላየሁ ግን አላህን እፈራለሁ።

ቀሪቦ የእኛ ነው። ገብሱ ጥቁር እስኪል ይቆላል፤ በውሃ ይፈላል፤ ይጠለላል፤ ስኳርና ትንሽ እርሾ ገብቶበት ያድራል። በማግሥቱ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀዳ ከምንም ለስላሳ ይበልጣል። ሠርጋችን፣ ወሊማችን ያለሱ አይደምቅም። ግን እርሾው ስማችንን አይቶ ሥራውን አያቆምም። ስኳር አለ፣ እርሾ አለ፣ ጊዜ ከተሰጠው አልኮል ይሠራል። አንድ ወሊማ ላይ፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ በአራተኛው ቀን የተረፈ ቀሪቦ በጀሪካን ሲወጣ ክዳኑ እንደ ጥይት ጮኸ። የቀዱልኝን አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጌ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበሩት ወጣቶች ግን «ይሄ ይሻላል፣ ጠንከር ብሏል» እየተባባሉ ይስቁ ነበር። አንድም ሽማግሌ አልተቆጣም፤ «ቀሪቦ» ይባላላ! ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚነከርላቸውን ዘቢብ እስከ ሦስተኛው ቀን ምሽት ድረስ ብቻ ይጠጡት ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ይደፋል። ይህ ሱና በየሠርግ ድንኳኑ ጀሪካን ላይ ቢሠራ ኖሮ ለልጆቻችን ልዩነቱን ለማስረዳት አፋችን አይያዝም ነበር። በሙቀት አገር ደግሞ ሦስት ቀንም ይረዝማል፤ ያደረውን ጠጡ፣ የከረመውን ድፉ። የአራተኛውን ቀን ቀሪቦ በዝምታ የጠጣ አጎት የማንጎውን ጣሳ ለመከልከል ምን አፍ አለው?

አልኮል የሌለበት ነው ስለሚባለው ቢራ አስተያየት የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ዑለማዎች ተለያይተውበታል፤ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። እኔ በግሌ የቢራ ጠርሙስ ይዞ መቀመጥ አልወድም። ይህ ፈትዋ አይደለም።

ለእህቴ ልጅ ከላይ ያለውን ሁሉ በአንድ መልእክት አላክሁለትም፤ አያነበውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ላክሁለት፦ «ሁለተኛውን ጣሳ ስትገዛ ባለሱቁ መታወቂያ ጠየቀህ?»

ሁለት ቀን ዝም አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ እዚያ ሌሊት ሳይሆን አይቀርም፣ «አዎ» አለ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ «ለጁስ መታወቂያ አይጠየቅም፣ አውቃለሁ» ብሎ ጨመረ። እዚያ አገር 21 ዓመት ላልሞላው እንደማይሸጥ፣ ጣሳው ላይም በሕግ የታዘዘ የመንግሥት ማስጠንቀቂያ እንዳለ እሱ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ያነበበው ግን የማንጎውን ሥዕል ነበር።

አልገሠጽኩትም። ስልክ ደውዬ ስለ ሥራው፣ ስለ ብርዱ አወራን። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አጎቴ፣ እናቴ ቀሪቦውን እንዴት ነበር የምትሠራው?» አለኝ። እኔ መጠጣት እንጂ መሥራት አላውቅም፤ ለእህቴ ሰጠኋት። ሃምሳ ደቂቃ አወሩ።

ባለፈው ጁሙዓ ሌላ ፎቶ ላከ። መጥበሻ ላይ ከሰል የመሰለ ገብስ፣ ከኋላው የተከፈተ መስኮት። «የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸብኝ። ይህን ያህል መጥቆር አለበት ወይስ አረረ? እናቴን ጠይቅልኝ።»